አርባ አንደኛው ሳጥን

መጀመሪያ ገመዱን ከሶኬቱ ትነቅላለች። ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃትም፤ ነቅላ ጫፉን ጠረጴዛው ላይ፣ ዓይኗ ሥር ታስቀምጠዋለች። «ዓይኔ የማያየውን ገመድ ነቅያለሁ ብዬ አልምልም» ትላለች። ከዚያ እስከ ስድሳ ትቆጥራለች፤ ድምፅ የለም፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ካፓሲተር ማለት ኃይል የሚያጠራቅም ትንሽ ጋን ነው። ከመስመር ከተነቀለም በኋላ የያዘውን ይዞ ይቆያል፤ የቸኮለውን ሰው ይመታል። ስድሳ ሲሞላ ሁለት ገመድ የተበየደበት፣ የኃይልን ፍሰት የሚገታ ሬዚስተር ታነሳና የካፓሲተሩን ሁለት እግሮች በሁለቱ ጫፍ ትነካቸዋለች፤ የቀረው ኃይል ቀስ ብሎ ይፈሳል። በካቻቪቴ አገናኝቶ ብልጭታ ማየት የሚወድ ሠራተኛ ሞልቷል። እሷ ያንን «የጎረምሳ ሥራ» ብላ ትተዋለች።

አራቱን ብሎኖች ፈትታ በሻይ ማስቀመጫ ሳህን ላይ በነበሩበት ቅደም ተከተል ትደረድራለች። ክዳኑን ታነሳለች። አቧራውን በአፏ አትነፋም፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው። በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ትጠርገዋለች። ቀኝ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ አሸዋ የሞላችበት የልጅ ካልሲ አላት፤ አንጓዋን እሱ ላይ ታሳርፋለች። ከዚያ ማጉያ መነጽሯን ወደ ዓይኗ ታወርድና ቦርዱን ከግራ ጥግ ጀምራ፣ ሰው ደብዳቤ እንደሚያነብ፣ መስመር በመስመር ታያለች።

ባለፈው ወር አንድ ሳጥን ከፍታ እንዲህ ስታነብ መሃል ላይ ቆመች። የሳጥኑ አንጎል ከሆነው ፕሮሰሰር አጠገብ፣ የሩዝ ፍሬ በምታክል ሬዚስተር ጀርባ ላይ፣ ደብዛዛ ቀይ ነጥብ አለች።

መበየጃው እስኪግል ጠበቀች። የአንዱን እግር ብየዳ አቀለጠች፣ የሌላውን አቀለጠች፣ በወረንጦ ይዛ አነሳችው። መስኮቱ ላይ ካለው የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ጣለችው። በውስጡ ሠላሳ ዘጠኝ ነበሩ።

«አርባ» አለች። «አንድ ቀረኝ።»

በስሟ የሚጠራት የለም። ሠፈሩም ደንበኛውም «እትዬ ፊውዝ» ይላታል። የራስ ምታት ክኒን በነበረበት ብልቃጥ ውስጥ ፊውዝ በየመጠኑ ሞልታ በቦርሳዋ ይዛ ትዞራለች። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ራሷን ይዟት የምታቃስት ሴትዮ ብልቃጡን አይታ «እባክሽ አንድ ፍሬ» ብትላት፣ «እናቴ፣ ይሄ የሚያድነው ቆርቆሮ ነው» አለቻት። ታክሲው በሙሉ ሳቀ፤ ስሙ የዚያን ቀን ተለጠፈባት።

ዕድሜዋ አምሳ አምስት ነው። የምትኖረው ከታናሽ እህቷ ጋር ነው፤ እህቷ ፀጉር ሠሪ ናት። ሙያውን ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ተማረች፤ ቀሪውን ጠረጴዛ አስተማራት። ረጅም ጊዜ የሠራችበት ወርክሾፕ ሦስት ጠረጴዛና አንድ መስኮት ያለው ክፍል ነበር። ባለቤቱን ሠራተኛው ሁሉ «ማስተር» ይላቸዋል። እዚያ የሚገጣጠመው የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሳጥን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራት አምስት ፎቅ ባለው ሕንፃ ውሃ በራሱ አይወጣም፤ ፓምፕ ይገፋዋል። ፓምፑ መቼ ይነሳ፣ መቼ ይቁም የሚለውን የሚወስነው ደረጃ ሥር የተሰቀለው ሳጥን ነው። በሳጥኑ ውስጥ የጥፍር ያህል ፕሮሰሰር አለ። ታንከሩ ሞላ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ በቧንቧው ውስጥ ያለውን ግፊት ይለካል፣ መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል ፓምፑን ከመስመር ያወጣል። ከጎኑ አንዲት ሙቀት ለኪ ተቀምጣለች። ሳጥኑ ሲግል ትነግረዋለች፤ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ይሠራል። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ፓምፑን አጥፍቶ እስኪበርድ ይጠብቃል። ሌላ ጥበቃ ሁሉ ለኃይል ነው፤ ለሙቀት ያለችው እሷ ብቻ ናት።

የዛሬ ሃያ አንድ ዓመት በጋው ከረረ። ሳጥኖቹ ቀትር ላይ እየጋሉ መቆም ጀመሩ። የወርክሾፑ ስልክ አላርፍ አለ።

«እንደገና ሦስተኛ ፎቅ ናት» አሉ ማስተር፣ ስልኩን አስቀምጠው። «ሳሙና ራሷ ላይ እያለ ውሃው ሄዶባት። ስድቧን ልንገርሽ?»

«ይቅርብኝ።»

«እንግዲያው አንድ ነገር አድርጊ።»

«ምን ላድርግ፣ ማስተር?»

«እኔ ባውቀው አንቺን ለምን ቀጠርኩ?»

ሦስት ቀን አሰበች። በሦስተኛው ቀን ያገኘችው መላ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብልጥ መላ ነው። ሙቀት ለኪዋ ሃያ አምስት ዲግሪ ላይ ስትሆን ለፕሮሰሰሩ የምታሳየው የመግታት መጠን አሥር ሺህ ኦም ነው። እንግዲህ እሷን ነቅሎ በቦታዋ አሥር ሺህ ኦም የሆነ ተራ ሬዚስተር መበየድ ነው። ተራ ሬዚስተር ቢሞቅም ቢበርድም ቃሉ አንድ ነው። ፕሮሰሰሩ በጠየቀ ቁጥር «ሃያ አምስት» ይለዋል። ውጭው ቢነድ፣ ቦርዱ ቢግል፣ «ሃያ አምስት»። ለሳጥኑ ዕድሜ ልኩን ጠዋት ሆነለት።

ጀማሪ ይህን አይሠራም። ጀማሪ ሙቀት ለኪዋን ነቅሎ ይጥላታል፤ ሳጥኑም «ለኪዬ ጠፋች» ብሎ አልነሳም ይላል፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሳጥኑ አምኖ እንዲቀበል አድርጎ መዋሸት አሥር ዓመት የሠራ እጅ ይጠይቃል። እሷ ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርታለች።

ስልኩ ዝም አለ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ሳይቀር ደውላ አመሰገነች። ማስተር መደገፊያ ያለው ወንበር ገዙላት፤ በወርክሾፑ ውስጥ መደገፊያ ያለው ወንበር የእሳቸውና የእሷ ብቻ ሆነ። በሁለት በጋ አርባ አንድ ሳጥን እንዲህ አደረገች። በእያንዳንዱ ሬዚስተር ጀርባ ላይ ከእህቷ የጥፍር ቀለም በክብሪት እንጨት ጫፍ ነክታ ቀይ ነጥብ አኖረች። ለምን እንዳደረገችው ከዓመታት በኋላ፣ አብሬያት ስሠራ፣ ስጠይቃት አልደበቀችኝም። «ሥራዬን ከመቶ ሥራ መሃል እንድለየው ነው። ኮርቼ ነበር።»

በሁለተኛው በጋ መጨረሻ አንዱ ሳጥን ተቃጠለ።

አራት ፎቅ ያለው፣ ሠላሳ ሁለት አባወራ የሚኖርበት ሕንፃ ነው። መብራት ጠፍቶ አድሮ ረፋድ ላይ መጣ። ታንከሮቹ ሁሉ ባዶ ስለነበሩ ፓምፑ ሦስት ሰዓት ሳያርፍ ሠራ። የሳጥኑ ማቀዝቀዣ ፋን በአቧራ ተይዞ ከቆመ ቆይቷል። ፕሮሰሰሩ በሙሉ ፍጥነቱ እየሮጠ ደጋግሞ ጠየቀ፤ «ሃያ አምስት» እየተባለ ደጋግሞ ተመለሰለት። እሱን የሚመግበው የኃይል ክፍል ጋለ፣ ብየዳው ቀለጠ፣ ላስቲኩ ተያያዘ። ፊውዙ ተቃጥሎ ነበር፤ ግን ፊውዝ የሚያውቀው የኃይልን ብዛት ነው፣ ሙቀትን አያውቅም። እሱ እስኪሰማ እሳቱ ቀድሞታል።

የሕንፃው ዘበኛ ጭስ አይተው ሮጡ። ከሳጥኑ ጎን ያለው ዋና ማብሪያ እጀታው ቀልጦ ብረቱ ወጥቶ ነበር። ደረጃው ላይ ከትምህርት ቤት የተመለሱ ልጆች አሉ። ሰውየው ብረቱን በባዶ እጃቸው ይዘው ወደ ታች ጎተቱት። እሳቱ እዚያው ቀረ፤ ሌላ ማንም ላይ ምንም አልደረሰም። የመዳፋቸው ቆዳ ግን ማብሪያው ላይ ቀረ።

ሳጥኑን አውርዳ እንድታመጣ የተላከችው እሷ ናት። መርማሪዎቹ ቀድመው መጥተው ወረቀታቸውን ጽፈዋል፤ ምክንያቱ «የኃይል መዋዠቅ» ነው። እሳቱ የተነሳው ከመጋቢው በኩል ስለሆነ የፕሮሰሰሩ ጥግ ጠቆረ እንጂ አልነደደም። ጥላሸቱን በአውራ ጣቷ ጠረገችው። ቀይ ነጥቧ ታየች። ሬዚስተሩን ነቅላ በቴስተር ለካችው። አሥር ሺህ። ያ ሁሉ ከተቃጠለ በኋላም ሃያ አምስት ዲግሪ ነው ይላል።

ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ዘጠኝ ቀን ለማንም አልተናገረችም። እህቷ እንደነገረችኝ በዘጠኙ ቀን ውስጥ እህል የቀመሰችው እንደ ወፍ ነው። በአሥረኛው ቀን የዘበኛውን ቤት ጠይቃ ሄደች።

አንድ ክፍል ነው፤ አልጋ፣ ራዲዮ፣ ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ። ሰውየው እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተቀምጧል።

«ማን ልበል?»

«ሳጥኑን የሠራሁት ነኝ፣ ጋሼ። የተቃጠለውን።»

«እንግዲያው ተቀመጪ። ቆሞ የሚያወራ ፖሊስ ነው።»

ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው። ማስተር ምን እንዳሉ ሳይሆን እሷ ምን እንዳደረገች። ሬዚስተሩን ከኪሷ አውጥታ ብርድ ልብሱ ላይ አኖረችው። ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ይቺ የሩዝ ፍሬ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

እሷ ማልቀስ ጀመረች።

«እስቲ ለቅሶሽን አቆዪልኝ» አሉ። «ይሄ እጅ በእንባ አይታጠፍም። ሌላ አለ?»

«ምን ሌላ?»

«እንዲህ ያለች። ቀይ የተቀባች። በሌላ ሳጥን ውስጥ።»

«አርባ።»

«አርባ?»

«ከዚህች ጋር አርባ አንድ።»

«የት የት እንዳሉ ጽፈሻል?»

«አልጻፍኩም። የሚሸጣቸው ነጋዴ ነው፤ እኔ ጋ የሚመጡት ሊጠገኑ ብቻ ነው።»

ሰውየው ወደ ኋላ ተደገፉ። «እንግዲህ አርባ ደረጃ ሥር አርባ ዘበኛ ተኝቶልሻል። አንቺ እዚህ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለሽ ታለቅሻለሽ።»

ሬዚስተሩን ከብርድ ልብሱ ላይ አንስታ ወደ ኪሷ መለሰችው።

«እጄ እስኪሽር ሁለት ወር ብለውኛል» አሉ ቀጥለው። «እግሬ ግን ደህና ነው። ነገ ጠዋት ነይ።»

በማግስቱ መጀመሪያ የሄደችው ማስተር ዘንድ ነው። ሰምተው ሲጨርሱ በሩን ዘጉት። «በወረቀት የኃይል መዋዠቅ ተብሏል። አንቺ ከወረቀት ትበልጫለሽ? ዝም በይ፤ ዝም አይነቅዝም።» እሷም «የእኔስ ነቅዟል፣ ማስተር» አለቻቸው። የለመነቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሳጥኑን ፕሮግራም ገልብጣ እንድትወስድ። ፈቀዱላት፤ ከዚያ በኋላ እንደማይተዋወቁም ነገሯት። መደገፊያ ያለውን ወንበር ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ ወጣች። እስካሁን የምትሠራው በርጩማ ላይ ነው።

አፈላለጉን የፈለሰፉት ዘበኛው ናቸው። ዘበኛ ከዘበኛ ይተዋወቃል። አንዱ የአንዱን ፈረቃ ይሸፍናል፣ የክብሪትና የወሬ ልውውጥ አለ፤ በየትኛው ሕንፃ ደረጃ ሥር ምን እንዳለ ከባለቤቱ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። ጋሼ ዘበኛ ከበር በር እየዞሩ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነበር። «ያንተ ሳጥን በበጋ ደክሞ ቆሞብህ ያውቃል?» ሰውየው «ኧረ ስንቴ፣ ራሴን አዞረኝ» ካለ ደህና ዋል ብለው ያልፋሉ። «የኔ? ፈረስ ነው፣ ቆሞ አያውቅም» ካለ እሷን ይጠሯታል። የማይደክም ሳጥን የታመመ ሳጥን ነው።

የመጀመሪያውን በአንድ ሳምንት አገኙት። ሬዚስተሩን ነቅላ እውነተኛ ሙቀት ለኪ በየደችበት። በማግስቱ ቀትር ላይ ሳጥኑ ጋለና ቆመ። ውሃ ጠፋ፣ ሰው ጮኸ። የዚያ ሕንፃ ዘበኛ ስልክ ደወለላት፦ «እባክሽ እህቴ፣ እንደነበረው አድርጊልኝ፤ ሊበሉኝ ነው።»

የዚያን ዕለት ነው ፕሮግራሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍታ ያነበበችው። አሥራ ሁለት ዓመት ሳጥኑን ስትፈታና ስትገጥም ፕሮሰሰሩ ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚሠራ ጠይቃ አታውቅም። ፕሮግራሙ በማስተር ጠረጴዛ ላይ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ፣ ከወንበሯ አምስት እርምጃ ርቆ ነበር። ስታነበው ፕሮሰሰሩ ታንከሩን «ሞላህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው በሴኮንድ ሺህ ጊዜ ሆኖ አገኘችው። ታንከሩ ለመሙላት አርባ ደቂቃ ይፈጅበታል። ድስት ጥዶ ክዳኑን በየቅጽበቱ የሚከፍት ሰው እንዲሁ ነው፤ ወጡ አይበስልለትም፣ ክንዱ ብቻ ይዝላል። ሳጥኑ የሚግለው ሥራ ስለበዛበት ነበር፤ ከሥራውም አብዛኛው ከንቱ ነበር።

ታንከሩን በአሥር ሴኮንድ አንዴ እንዲጠይቅ አደረገችው። ግፊቱን በሴኮንድ ሁለቴ። በመሃሉ እንዲተኛ። የመብራቱን ከፍታና ዝቅታ የሚጠብቀውን ክፍል ብቻ እንዳይተኛ አድርጋ ተወችው፤ ኃይል ሲዘል ቀጠሮ አይሰጥም። ማን ወዲያው ይደመጥ፣ ማን ወረፋ ይጠብቅ፣ ማን ሲጠሩት ብቻ ይነሳ፣ ሁሉን በቦታው አስቀመጠችው። ፋኑን ጠረገች፤ ልኩን ፊውዝ ከብልቃጧ አወጣች። ሥራው አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። በማግስቱ ቀትር ላይ ጣቷን ፕሮሰሰሩ ላይ አሳረፈች። ከዚያ በፊት ሁለት ቆጥራ የምታነሳው ጣት እስከ ሃምሳ ድረስ ቆየ። ሳጥኑ አልቆመም። ሙቀት ለኪዋም በቦታዋ ነበረች።

«ሦስት ቀን አስቤ የተናገረውን አፍ ዘጋሁ» አለችኝ አንድ ቀን፣ መነጽሯን እየወለወለች። «አንድ ቀን ተኩል ባነብ ኖሮ ምን እንደሚል እሰማው ነበር።» ከዚህ በላይ ስለዚያ ነገር ስትናገር ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት አብረው ዞሩ። እሷ ቀን በራሷ ትንሽ ጥገና ቤት ትሠራለች፤ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ የሳጥን ቀን ነው። ጋሼ ዘበኛ በግራ እጃቸው የመሣሪያ ሳጥኗን ይይዛሉ። ቀኝ እጃቸው አልጨበጥ ብሎ ቀርቷል፤ ጣቶቹ እንደ ማንኪያ ጎብጠው ደርቀዋል። እህቷ በሁለቱም ትስቅ ነበር። «ሰው እህቱ ባል ፍለጋ ስትወጣ ያያል፤ የኔዋ ሳጥን ፍለጋ ትወጣለች፤ ያውም በሽማግሌ ታጅባ» ትላለች። እሳቸውም «ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ ነው፤ እኛ የምንሄደው ለፍቺ ነው» ይሏታል።

ሁሉም በር በደስታ አልተከፈተም። አንድ ሕንፃ ላይ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር የነበሩ ሴት ቁልፉን ይዘው ደረጃው ላይ ቆሙ።

«ስድስት ዓመት አንድ ቀን ቆሞብን አያውቅም። የሚሠራ ነገር ለምን ይነካል?»

«አለመቆሙ ነው በሽታው፣ እመቤቴ» አለች እትዬ ፊውዝ።

ሴትዮዋ ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ። «ሰማችሁ? ጤነኛ መሆን በሽታ ነው ትላለች። ነገ እኔንም ደህና ስላደርሽ ልክፈትሽ ልትለኝ ነው።»

ሰው ሳቀ። እሷ ስለ ኦምና ስለ ዲግሪ ማስረዳት ጀመረች፤ ባስረዳች ቁጥር ሳቁ ባሰ። ጋሼ ዘበኛ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱና ቀኝ እጃቸውን ለሰላምታ ዘረጉ። ሴትዮዋ በጨዋ ደንብ ጨበጧቸው። ጨብጠው እጁን መልቀቅ አቃታቸው።

«ምን ነክቶዎት ነው?»

«የማይደክም ሳጥን» አሉ ጋሼ።

ቁልፉ ያለ ሌላ ቃል ተሰጠ። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንደዚህ ያለው ነው፤ ሰው ግን ቅጠሉን ከማምጣቱ በፊት የተቃጠለ እጅ ማየት ይፈልጋል። እሷም ይህን ስለምታውቅ በማንም ላይ አልፈረደችም። ከፈቱት፤ ቀይ ነጥቧ ነበረች። ሃያ ስድስተኛዋ።

ጋሼ ዘበኛ የዛሬ ሁለት ዓመት በደረት ሕመም አረፉ። የቀን መቁጠሪያቸው ጀርባ ላይ በግራ እጃቸው እየተጠማዘዘ የተሠመረ ሠላሳ ዘጠኝ ጭረት ተገኘ፤ የመጀመሪያው የራሳቸው ሕንፃ ነው። ሆስፒታል ስትጠይቃቸው ያወሯት ስለ ሕመማቸው አልነበረም። «ሁለት ቀረሽ» አሏት። «ሁለት ቀረን» ብላ አረመቻቸው። ቀብራቸው ላይ ከቆመው ሰው ግማሹ የዘበኛ የደንብ ልብስ ለብሶ ነበር፤ ከፈረቃ አምልጦ የመጣ።

እኔ የምሠራው ከእሷ ቀጥሎ ባለው ጠረጴዛ ነው። አርባኛው ሳጥን የመጣ ዕለት ጎኗ ነበርኩ። የላከው የልብስ ንጽሕና ቤት ዘበኛ ነው፤ ጋሼን በሕይወታቸው አንዴ ያገኛቸው፣ ጥያቄያቸውን ግን ያልረሳ ሰው። ሳጥኑ በስንት እጅ ዞሮ እዚያ እንደደረሰ የሚያውቅ የለም።

አርባ አንደኛውን በተመለከተ የሚታወቀው ይህ ብቻ ነው። ግራጫ ቆርቆሮ ነው፤ ርዝመቱ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ፣ መዝጊያው በግራ በኩል። የነበረበት ሕንፃ ዘበኛ «ፈረስ ነበር» ይለዋል፤ ሕንፃው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ሲፈርስ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ተሽጦ በእጅ ጋሪ ተወስዷል። ጋሪውን የገፋውን ሰው አገኙት፤ ለማን እንዳስረከበ አላስታወሰም። ሳጥኑ ዛሬ ውሃ ይግፋ፣ ወፍጮ ያዙር፣ የዶሮ ቤት ፋን ያንቀሳቅስ፣ አይታወቅም። ተጥሎም ሊሆን ይችላል። «ከተጣለ እሰየው» ትላለች፤ «መጣሉን ያየ ሰው ግን የለም።»

ሐኪሙ የእጇ መንቀጥቀጥ እየባሰ እንጂ እየተሻለ እንደማይሄድ ነግሯታል። ጉልበቷም ደረጃ መውጣት ትቷል። ሳጥኑ ከተገኘ ሬዚስተሩን እኔም ልነቅለው እችላለሁ፤ ከባድ ሥራ አይደለም። ከባዱ ማግኘቱ ነው። በር ለበር የሚዞር እግር ከእንግዲህ የለም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ጻፍ ያለችኝ እሷ ናት። ስታነበው ያልወደደችውን አንድ ሁለት ቃል አስወጣችኝ፤ «አሳዛኝ» የሚለውን በተለይ። የመጨረሻውን ቃል እኔ እንድናገር አልፈቀደችም። እንዳለችው አስፍሬዋለሁ።

«እቤታችሁ፣ ሥራ ቦታችሁ ወይ ደረጃችሁ ሥር ግራጫ ሳጥን ካለ፣ መዝጊያው በግራ ከሆነ፣ በበጋ ቀትር ላይ እጃችሁን ክዳኑ ላይ አሳርፉ። ትኩስ ሆኖ ሳለ አንድም ቀን ደክሞ ቆሞባችሁ የማያውቅ ከሆነ፣ አትኩሩበት፤ ፍሩት። ዋናውን ማብሪያ አጥፉ። ገመዱን ነቅላችሁ ዓይናችሁ ሥር አስቀምጡ። እስከ ስድሳ ቁጠሩ፤ አታጭበርብሩ። ክዳኑን ክፈቱና በትልቁ ቺፕ፣ በፕሮሰሰሩ አጠገብ ቀይ ነጥብ ፈልጉ። ምስር የማታክል ናት፤ ቀለሟ ለቆ ሊሆን ይችላል። ካገኛችኋት አትንኳት፤ መልሳችሁም አታብሩት። ለማን እንደምትነግሩ ካላወቃችሁ ለሕንፃችሁ ዘበኛ ንገሩት፤ ከዘበኛ ዘበኛ እየተቀባበለ ይደርሰኛል። ማን ሠራው ብላችሁ አትመራመሩ፤ እኔ ነኝ የሠራሁት። እኔ የምለምናችሁ፣ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አንዴ ደረጃ ሥር እንድታዩልኝ ብቻ ነው።»